ከቀዳማይ ቁርባን ዝርዝር የሰረዝኩት ስም

በሥራ ተጣድፋችሁ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ስታልፉ ሽታ ብቻ እግራችሁን ይዞ አቁሟችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ሳምንት ጅግጅጋ ውስጥ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ባለው መንገድ፣ የአዲስ ፕላስቲክ ምንጣፍ ሽታ አቆመኝ። ሻጩ ተጠቅልሎ የመጣውን ምንጣፍ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ እጥፋቱን በእግሩ ይረግጥ ነበር። ከቶጎጫሌ በኩል የሚገባው፣ ዳር ዳሩ አበባ የተሳለበት ቀይና አረንጓዴው ዓይነት ነው። ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣውን ሽታ ያሸተተ ያውቀዋል፤ የአዲስ ኳስና የሞቀ ጎማ ድብልቅ። ዋጋውን ጠየቅሁት። ነገረኝ፤ ሳቅሁ። «ምን ያስቅሃል?» አለኝ። «ያኔ እኮ በሦስት መቶ ብር ነው የገዛነው» አልኩት። «ያኔማ እኔም ፀጉር ነበረኝ» አለና ኮፍያውን አንስቶ መላጣውን አሳየኝ።

ትዝታ ለመጻፍ ገና ልጅ ነህ የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ሽማግሌ አይደለሁም። ነገር ግን መምህር ሆኖ ከሩቅ አገር ተመድቦ ጅግጅጋ የገባ ሰው ዕድሜው የሚቆጠረው በሌላ መንገድ ነው። ጓደኞቹ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራሉ፣ ሱቆቹ ስማቸውን ይለውጣሉ፣ ባለፈው ዓመት ሻይ የጠጣበት ጥግ ዘንድሮ ስልክ ቤት ሆኖ ይጠብቀዋል። ያኔ ባጃጅ አምስት ብር ነበር። ሾፌሮቹ የድሮ የሶማሊኛ ዘፈን ይከፍታሉ፤ ካባን የሚሉት ክራራቸው ረጋ ብሎ ይመታል፣ ባጃጁ ግን በጉድጓድ ላይ ይዘላል። ሴቶቹ ስሱን ጋርባሳራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በአቧራው መሃል ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላቸው ይነፋዋል። አሁንም እንደዚያው ይነፋዋል፤ ባጃጁ ግን በአምስት ብር የተሳፈረን ሰው ወሬ እንኳ አያምንም።

ምንጣፉን የገዛነው ለጸሎት ቤታችን ነበር። ይህን ላስረዳ። ቁምስናችን፣ የምንታቀፍበት ደብር ማለቴ ነው፣ ሐረር ነው። በጅግጅጋ የነበርነው ካቶሊኮች ደግሞ ጥቂት ነበርን፤ መምህራን፣ ወታደሮች፣ ነርሶች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ሁላችንም ከሌላ ክልል የመጣን። ካህናችን አባ ከሐረር ተነስተው በባቢሌ አልፈው በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ይመጡልን ነበር። በሌላው እሁድ ካህን በሌለበት የሚደረገውን ጸሎት ራሳችን እንመራለን፤ ወንጌል ይነበባል፣ ይዘመራል፣ መቁጠሪያ ይደገማል፣ ቁርባን ግን የለም። ቤቱ ኤዶ ሆዳን ከሚባሉ ሶማሌ እናት ግቢ የተከራየነው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ከበሮ ስላልነበረን ባዶ ጀሪካን እንመታ ነበር። ከአዲግራት የመጣው ቆሞ ይጸልያል፣ ከወላይታና ከከምባታ የመጣው ይንበረከካል፣ ከጉራጌ የመጣው ግራና ቀኙን አይቶ ወደሚበዛው ያደላል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ይህን ሁሉ በአንድ ሥርዓት ላስተካክለው ብዬ ተነስቼ ነበር። አልተሳካልኝም፤ ጀሪካኑ ሲመታ ሁሉም እንደ አገሩ ሆነ።

ከተማዋ ተረብሻ ከተረጋጋች ብዙም አልቆየም ነበር። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ሴቶቻችን ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው እየመጡ ከግቢው በር ወዲህ እንደሚለብሱት፣ ውጭ ሞተር ሲያጓራ የዘማሪው ድምፅ ትንሽ ዝቅ እንደሚል ብቻ ልንገራችሁ። አሁን ከቤታቸው ለብሰው ነው የሚወጡት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጸሎት ላይ ስቆም ፊቴን ለበሩ ሰጥቼ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለም።

ለአዋቂዎች ትምህርተ ክርስቶስ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። የሒሳብ መምህር ነኝና ያለ ሠንጠረዥ አልንቀሳቀስም። ሃያ ትምህርት አዘጋጀሁ፤ ለጸሎት ሰማያዊ፣ ለምሥጢራት ቀይ፣ ለትእዛዛት አረንጓዴ ቀለም መደብኩ። ደንብም ነበረኝ። ሦስት ቅዳሜ የቀረ ወይም በማጠቃለያው ፈተና ከአሥር ስድስት ያላመጣ ቀዳማይ ቁርባን፣ የመጀመሪያ ቁርባኑን ማለት ነው፣ አይቀበልም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። ማንም ይህን እንዳደርግ አላዘዘኝም። እኔ ግን ያለ ዝግጅት የሚቀርብ ሰው እንዳይኖር የምጠብቅ በረኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ተማሪዎቼ አምስት ነበሩ። ከአምስቱ አንዷ እትዬ አስካለ ናቸው፤ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመምህራን ምሳ የሚያበስሉት። ወላይታ ውስጥ በሕፃንነታቸው ተጠምቀዋል፤ ሳይቆርቡ ግን ቤተሰቡ ተበተነ፣ ባል አገቡ፣ ባልም ሞተ፣ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ሲሉ ጅግጅጋ ደረሱ። ዕድሜያቸው አርባን አልፏል። ሁልጊዜ አባ ቁርባን ሲያድሉ እሳቸው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀራሉ። ያ ግድግዳ በእሳቸው ትከሻ ልክ ቀለሙ ለቆ ነበር። የተመዘገቡ ቀን «ቲቸር፣ ሰው ሲበላ ማየት ሥራዬ ነው፤ እዚህ ግን ሆዴን ይበላኛል» አሉኝ። ቁርባኑ የታቀደው ለዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ እትዬ አስካለ ወደ አፍደም ሊሄዱ ነው፤ ወታደሩ ወንድማቸው ሚስቱ መንታ ወልዳለት ነይ አግዥን ብሏቸዋል። አፍደም የባቡር ሐዲዱ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወንድማቸው ያለበት ካምፕ ደግሞ ከእሷም ወዲያ ነው። እዚያ ካህን በቅርብ ይገኝ እንደሆነ የጠየቋቸው ሁሉ አናውቅም ነው ያሏቸው። ስለዚህ ያቺ እሁድ ብቻ ነበረቻቸው። ይህንን ደግሞ አውቅ ነበር።

ፈተናውን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ አደልኩ፤ አሥር ጥያቄ፣ ትክክለኛውን ፊደል መምረጥ። አራቱ ጨርሰው ሲወጡ እትዬ አስካለ እስክሪብቶውን እንደ ማማሰያ በጡጫቸው ይዘው ወረቀቱን ያዩት ነበር። ፊደል ይለያሉ። በትልልቁ የተጻፈ የሱቅ ስም ቀስ ብለው ያነባሉ። ወረቀት ፊታቸው ሲቀመጥ ግን ዓይናቸው ይፈዛል። መልሰው ሲሰጡኝ ስማቸው ብቻ ነበር የተጻፈበት፣ በትልልቅ ፊደል፣ በጥንቃቄ። በቀይ እስክሪብቶ ከአሥር ዜሮ ጻፍኩና ደንቡን በትህትና አስረዳኋቸው። «እሺ፣ ቲቸር» አሉና ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው ወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ አልመጡም። እኔም ማስመሪያ አስጠግቼ ስማቸውን ሰረዝኩ፤ ዝርዝሩንም በስልክ ፎቶ አንስቼ ለአባ ላክሁ። አባ ደውለው «አምስት አልነበሩም እንዴ?» አሉኝ። «አንዷ አልተዘጋጁም» አልኩ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቃል ናት፤ ስናገራትም አፌን አልከበደችኝም።

ከባዱ ነገር ምሳ ነበር። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሳህን ይዤ እሳቸው ፊት እቆማለሁ። አይቆጡም፣ አያኮርፉም። «ይጨመርልህ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጨምረውም ይሰጡኛል። ሽሮው እንደ ወትሮው ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ግማሹን ትቼ እነሳ ነበር። ቢጨቀጭቁኝ ደንቤን እጠቅስላቸው ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ባለው ሐሙስ ምንጣፉን ላራግፍ ወደ ጸሎት ቤቱ ስሄድ ኤዶ ሆዳን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅሙ ነበር። በሶማሌ ልማድ መምህርን መዓሊም ይላሉ፤ እኔንም ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።

«መዓሊም! ና እዚህ። አስካለን ምን አደረግካት?»

«ምንም አላደረግኋቸውም ኤዶ። ፈተና ወደቁ።»

«የምን ፈተና? የመንጃ ፈቃድ?»

«የሃይማኖት።»

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ወረቀት ሰጠሃት?»

«አዎ።»

«ወላሂ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ግን አታስብም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄን ቤት ስትጠርግ እሰማታለሁ። ያንን ረጅሙን ትላለች። ስትሳሳት ትቆማለች፣ ከመጀመሪያ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ብላ እኔ ራሴ እስከ ግማሽ ችዬዋለሁ፣ አስተግፊሩላህ!» አሉና አፋቸውን በጋርባሳራቸው ይዘው ሳቁ። ረጅሙ ያሉት ጸሎተ ሃይማኖትን ነው። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «እኔ ቁርአን የቀራሁት ዱግሲ ነው፣ የቁርአን ቤት። ሎህ ታውቃለህ? እንጨቱን ሰሌዳ። እዚያ ላይ ይጻፋል፣ እንቀራለን፣ ከዚያ ለመዓሊም በቃል እንላለን። መዓሊም ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። አንድ ቃል ከዘለልክ እጁን ያነሳል፤ ትመለሳለህ። የያዝከው ጊዜ ሎሁ በውኃ ይታጠባል። ታጥቦ ጽሑፉ የት ሄደ? እዚህ ነው» ብለው ደረታቸውን በጣታቸው መቱ። «አንተ የፈተንከው ሎሁን ነው። ሴትዮዋን አልጠየቅካትም።»

ምንጣፉን ሳላራግፍ ወጣሁ፤ ወደ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ ትቼ እስከ ግመል ወተት ሻጮቹ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፣ እንደገናም ሄድኩ። በማግስቱ ምሳ ላይ ልነግራቸው አስቤ ሰው በዛ። ቅዳሜ ጠዋት ነው ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ገብቼ ያገኘኋቸው። ለሚተካቸው ሰው ሊያስረክቡ ድስቶቹን በአሸዋ ይፈትጉ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኩ።

ቀና አላሉም። «ስሜን ሰርዘኸዋል አይደል?»

«አዎ።»

«በእጅህ?»

«በማስመሪያ።»

«ቢያንስ ቀጥ ብሏል» አሉና ድስቱን ገለበጡት።

«እስቲ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃልዎ ይበሉልኝ። ያለ ወረቀት።»

አሁን ቀና አሉ። ጭልፋውን አንስተው ወደ እኔ ጠቆሙበት። «አንተ ቅደማ! አስተማሪው ማነው?»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያልኩት ጸሎት ነው፤ ግን ሁልጊዜ ከሰው ጋር፣ ድምፅ ከፊትም ከኋላም እየገፋኝ። ወይም መጽሐፍ ይዤ። ብቻዬን፣ ድስት መሃል፣ አንድ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየኝ ብዬው አላውቅም ነበር። በጥሩ ሁኔታ ሄድኩ፤ ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተቀበረ አልኩ፤ ቀጥዬም «ዳግመኛ ይመጣል» አልኩ።

ጭልፋው ወደ ላይ ወጣ።

«ቲቸር! ቀብረኸው ሄድክ እኮ!»

«እ?»

«ትንሣኤውን የት ጣልከው? ነገ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፣ ኧረ በስመአብ!» ድስቱን ለቀው በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን እንደ ምድጃው ይነድ ነበር። ከዚያ እጃቸውን በሽርጣቸው አድርቀው ቆሙና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉት። አንድ ቃል አልዘለሉም። «በሦስተኛው ቀን ተነሣ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እንዳልረሳው ቆም ብለው አዩኝ። የጠየቅኋቸውን ሁሉ መለሱ፤ ፈተናዬ ላይ የነበሩትን አሥሩንም። ወጥተን ስንለያይ «ነገ አባ እሺ ካሉኝ ነው እንግዲህ» አሉ። «ሰኞ መኪናው በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል።»

እሁድ ነጠላቸውን ለብሰው ከሁሉ ቀድመው መጡ። አባ ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ ነበረባቸው። ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት ሰዓት ላይ ስደውል ስልካቸው አይሠራም፤ ካራማራ ተራራ ላይ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ሁላችንም ስለምናውቅ ተጽናናን። አምስት ሰዓት ላይ ከባቢሌ ደወሉ። መኪናቸው ተበላሽቶ ቆሟል፣ መካኒክ እየተፈለገ ነው። ወታደሮቹ ወደ ካምፕ መመለሻ ሰዓታቸው ደርሶ አንድ በአንድ ወጡ። ነርሷ ፈረቃዋ ደረሰ። እትዬ አስካለ የለቀቀ ቀለሙ ላይ ትከሻቸውን አስደግፈው መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር። እኔ ከበር ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ በር እመላለስ ነበር። ስህተቴን በጊዜ ብናገረው ኖሮ፣ ሐሙስ ለአባ ደውዬ ቢሆን፣ ፈተናውን ከሁለት እሁድ በፊት አድርጌው ቢሆን እያልኩ ያለፉትን ቀናት እንደ ሠንጠረዥ እሞላቸው ነበር።

በጅግጅጋ የምሳ ሰዓት ሲቃረብ አንድ ድምፅ አለ። ጫት ከአወዳይ ተጭኖ በባቢሌ በኩል የሚመጣባቸው ፒካፖች ከተማው ሲገቡ ከሩቅ ጀምሮ ጡሩምባቸውን ይለቃሉ፤ ሻጮቹ ጥላቸውን ዘርግተው ይጠብቋቸዋል። መንገድ ላይ የሚቀድማቸው የለም። ያን ቀንም ጡሩምባው ተሰማ። ኤዶ ሆዳን ከበረንዳቸው «የእናንተ ሰው ሳይደርስ የእነሱ ደረሰ» አሉ። ጡሩምባው ግን ቀረበ። ወደ ሰፈራችን ታጠፈ፤ በራችን ላይ ቆመ። ከጋቢናው ውስጥ፣ አቧራ ለብሰው፣ የቅዳሴ ልብስ የያዘች ሻንጣቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው አባ ወረዱ። ልብሳቸው ላይ የጫት ቅጠል ተጣብቋል። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባ፣ አራግፌ እመለሳለሁ፤ አንድ ሰዓት ነው የምሰጥዎት!» ብሎ ተፈተለከ። የተረፍነው አሥራ አንድ ሰዎች በሳቅና በእልልታ መሃል ተቀበልናቸው።

አባ ፊታቸውን ታጥበው «በሉ፣ አራቱ የት አሉ? ኑዛዜ እንጀምር» አሉ።

«አምስት ናቸው አባ» አልኩ።

«አንዷ አልተዘጋጁም ብለኸኝ አልነበር?»

ሁሉም ሰው ይሰማ ነበር። ለብቻቸው ጠርቼ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ጊዜ አልነበረም። «ተሳስቼ ነው። በወረቀት ጠይቄያቸው ነው። እሳቸው ያውቁታል፤ እኔ እንዲያውም ትናንት መሃሉን ስቼው አርመውኛል።»

አባ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። «ጸሎቱን ካወቁ ደግ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ቁርባን ምንድን ነው?»

እትዬ አስካለ ከግድግዳው ለቀቁ። «አባ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው አብልቻለሁ። የሰጠሁት ሁሉ ግን ከድስት የወጣ ነው፤ ራሴን ቆርሼ ያበላሁት ሰው የለም። እሱ ራሱን ነው የሰጠው። እኔ ይህን ነው የማውቀው።»

አባ ግቢው ጥግ ካለው የውኃ ሮቶ ጀርባ ወንበር አስቀምጠው አምስቱንም በየተራ አናዘዙ። ቅዳሴው አጭር ነበር፤ የመጨረሻውን «አሜን» ለማለት ስንዘጋጅ ሾፌሩ ተመልሶ ጡሩምባውን ነፋ። ለቁርባኑ እትዬ አስካለ ከሁሉም መጨረሻ ነው የቀረቡት። ያን ጊዜ ፊቴን ከበሩ መለስኩ።

ሰኞ ወደ አፍደም ሄዱ። አንዳንዴ ይደውላሉ፤ መንትዮቹ አድገዋል፤ ካምፑ ውስጥ ለሁለት ወታደር ሚስቶች ጸሎት በቃል እያስያዙ መሆናቸውን ነግረውኛል። ለእሳቸው ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ከእትዬ አስካለ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት ሰዎች ከስድስት በታች አምጥተው ስማቸውን ሰርዤ ነበር፤ አንድ አሥር አለቃና አንዲት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ። ሁለቱም «እሺ» ብለው ሄዱ። እነሱን ቤት ሲጠርጉ የሰማ፣ ጠርቶ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። አሥር አለቃው ተዛወረ። የልጅቷን አሠሪዎች ሰፈር ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ለቀው ሄደዋል። በመዝገቤ ላይ የጻፍኩት ስልክ ሲደወል የሌላ ሰው ሆኗል፤ አንድ የአውበሬ ነጋዴ ያነሳውና «ተሳስተሃል ወንድሜ» ይለኛል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ነግሮኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ የምታስተምሩት ጸሎትም ይሁን ሒሳብ። ወረቀቱን አስቀምጡና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ሰው በቃሉ ሲናገር እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ በፊት ግን የራሳችሁን ለብቻችሁ ቆማችሁ በሉ፣ የሚያርማችሁ ሰው ፊት። ምን እንደምትዘሉ ታያላችሁ። እንደ እኔ ከዝርዝራችሁ ያስወጣችሁት ሰው ካለ ደግሞ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ደውሉለት፤ ስልኩ የሌላ ሰው ሳይሆን።